ስድስት ላይ የቆመ ቆጠራ

ሰው ሲዋሽ ማወቅ ለእህተማርያም ሥራዋ ነው ማለት ይቻላል። ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቷ አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ኖራለች። "ታምሜ ነው የቀረሁት" ብሎ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያስጽፍ ሰው ድምፁ የቱ ጋ እንደሚሰበር ጠንቅቃ ታውቃለች። ታዲያ ይቺው ሴት ሦስት ሳምንት ሙሉ ከምትወዳቸው ሰዎች ሁሉ ውሸት ስትሰማ ከረመች። ስለምን እንደሚዋሿት ግን ማወቅ አቃታት። እንዲህ ያለ ነገር እንቅልፍ ቢነሳት ምን ይገርማል?

የመጀመሪያዋ ውሸታም ሀይማኖት ነች። ሀይማኖት አብራት የተማረች፣ አብራት የምትሠራ፣ ሚስጥር ይቅርና ልብስ እንኳ የማይለያያት ጓደኛዋ ናት። ይቺ ልጅ ድንገት ስልኳን ጠረጴዛ ላይ በፊቱ እየደፋች ማስቀመጥ ጀመረች። ሲጠራ ብድግ ብላ ወደ ውጭ ትወጣለች፤ ስትመለስ "እማዬ ናት" ትላለች። እማዬ የተባሉት ሴትዮ ደግሞ በዚያው ደቂቃ ከሱቁ ፊት ለፊት ሽንኩርት ሲመርጡ እህተማርያም በመስኮት እያየቻቸው ነው። አንድ ቀን ያ ስልክ ሳይደፋ ቀርቶ ሲበራ "ይኸነው" የሚል ስም አየች። ይኸነው ማለት የእሷው ይኸነው ነው። በዚህ ላይ ሀይማኖት "ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ላጥልቃት" ብላ የብር ቀለበቷን ተውሳት ነበር። ሰርጉ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ቀለበቷ ግን የውሃ ሽታ ሆና ቀረች።

ሁለተኛው በዛብህ ነው። በዛብህ በእንጅባራና በዳንግላ መስመር ሚኒባስ የሚነዳ፣ የይኸነው የልብ ወዳጅ፣ የሁለቱን ደብዳቤ ዓመት ከመንፈቅ ያመላለሰ አንደበቱ ቀልደኛ ሰው ነው። ሰሞኑን ደብዳቤውን ሲሰጣት ቀና ብሎ አያያትም። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ የረሳችውን ልትወስድ ብቅ ስትል ሚኒባሱን በእነሱ በር ላይ ቆሞ አየችው፤ አባቷ ሱቅ፣ እሷም ሥራ ላይ ናት በሚባልበት ሰዓት። "ጎማ ተንፍሶብኝ ነው" አላት። አራቱም ጎማ ድምቡሽ እንዳለ ነበር።

ሦስተኛው ራሱ ይኸነው ነው፤ የሚያመውም ይሄ ነው። ይኸነው የዘንገና ገበሬ ልጅ ነው፤ አዲስ ቅዳም ችግኝ ጣቢያ ይሠራል። እዚያ ኔትወርኩ ሲፈልግ መጥቶ ሲፈልግ ስለሚጠፋ ደብዳቤ መጻፍ የጀመሩት በግድ ነበር፤ ኋላ ግን ደብዳቤው ከስልክ በለጠባቸው። አራት ገጽ፣ አምስት ገጽ ይጽፍላታል። የመጨረሻው ደብዳቤ ግን እነሆ፦ "ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኛል። ስለ ሁሉም ነገር በአካል እንነጋገራለን።" በቃ! አስራ አንድ ጊዜ አነበበችው። "ስለ ሁሉም ነገር" ብሎ የጻፈ ወንድ ምን ሊናገር ነው?

ፍቅራቸው ቀድሞም ቢሆን ቀላል አልነበረም። አባቷ አቶ እንግዳው አድማሴ በዳንግላ የታወቁ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው፤ ወሬው ሲደርሳቸው "ልጄን ያስተማርኳት ዘንገና አፋፍ ላይ ድንች እንድትኮተኩት አይደለም" ብለው ነበር። በይኸነው ወገን ደግሞ እናቱ አገውኛ እንጂ አማርኛ አይሆንላቸውም፤ "ከማትሰማኝ ምራት ጋር በምን እጫወታለሁ?" ይላሉ መባሉን ሰምታለች። ያን ሁሉ ችለው የቆዩት አንዳቸው ሌላውን ስላመኑ ብቻ ነው። አሁን ያቺው እምነት ተሸረሸረች።

ሐሙስ ዕለት መብራት ጠፋ። በሰፈሩ ጀኔሬተር ያላት የእህተማርያም ሱቅ ብቻ ስለሆነች ሰዉ ሁሉ እሷ ጋ ጎረፈ። ከመካከላቸው ጋቢ የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ተራቸው ሲደርስ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

"ልጄ፣ ይቺን ሁለት አድርጊልኝ። አንዱ ለንስሐ አባት ነው፣ አንዱ ለኔ። አደራ እንዳትጨማደድ፣ የሰው ዕድሜ ነው ያለባት።"

"እሺ አባባ። ከየት ነው የመጡት?"

"ከዘንገና፤ ለዘመድ ጥየቃ ነው። ወገኔ እባላለሁ።"

ወረቀቱን ዘረጋችው። ስሞች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። በቀኝ በኩል "ይኸነው" ብሎ ይጀምርና ከአባቱ ወደ ላይ ሰባት ስም ይወጣል። በግራ በኩል የራሷ ስም አለ። እህተማርያም። ከእሷ ቀጥሎ እንግዳው፣ አድማሴ፣ አበረ፣ ዋሴ፣ ውቤ፣ ጓንጉል። ጓንጉል በቀኙም ረድፍ ጫፍ ላይ አለ። በሁለቱም በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል፤ በግራው ሥር "ስድስት፤ አልሞላም" የሚል ተጽፎበታል።

"ምንድን ነው ይሄ አባባ?" አለች።

"የጋብቻ ቆጠራ ነዋ! ሰባት ቤት ሳይሞላ እንዴት ይጋባሉ? በልጁ በኩል ሞልቷል። በልጅቷ በኩል ስድስት ላይ ጓንጉል መጣብን። ዘመድ ሆነው ተገኙ፣ ምን ይደረግ።"

"ልጅቷ ታውቃለች?"

"ኧረ ዝም በይ! አንድ ቃል እንዳትሰማ ብሎ ልጁ ሁላችንንም አስምሎናል። እስከ እሁድ።"

እህተማርያም የማሽኑን ቁልፍ ተጫነች። ሁለት ሳይሆን ሦስት አለችው። ባለቤቱ ያላዘዘውን ቅጂ ስታወጣ በሥራ ዘመኗ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሽማግሌው መርቀዋት ሲወጡ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ቆጠራ ካስቆጠረ ሽማግሌ ሊልክ አስቦ ነበር ማለት ነው። ደስታው ግን ትንፋሽ ያህል እንኳ አልቆየላትም። አስቆጠረ፣ አልሞላም ተባለ፣ እሱም ዝም አለ! ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ዝም ይላል? የተደፋው ስልክና ያልተመለሰችው ቀለበት አንድ ላይ መጡባት። ሀይማኖት በጀኔሬተሩ ጩኸት የተባለውን ሳትሰማ፣ እዚያ ማዶ ጥጓ ላይ ሆና የሰው ማስታወቂያ እየተየበች ታንጎራጉራለች። ጣቶቿን አየቻቸው። ባዶ ናቸው።

"ሀይማኖት፣ ቀለበቴስ?"

"ውይ! ቤት ረሳኋት። እሁድ አመጣልሻለሁ።"

እንደገና እሁድ።

ቤቷ ስትደርስ እትዬ ማናለብሽ በረንዳ ላይ ምስር ይለቅማሉ። እትዬ ማናለብሽ የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው፤ ሰባን ተሻግረዋል። ባል አላገቡም፣ ልጅም አልወለዱም ይባላል። እህተማርያም በአራት ዓመቷ እናቷ ሲሞቱ አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሆድ ሲብሳት የምትሄደው ወደ እሳቸው ነው፤ ዛሬም ወረቀቱን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ አንብቢልኝ እስቲ" አሉ።

አነበበችላቸው። ከዘንገና የመጡ ሽማግሌ እንዳስገለበጡት፣ እስከ እሁድ ሚስጥር እንደተባለ፣ ስድስት ላይ እንደቆመ፣ ዘመድ ሆነው እንደተገኙ ነገረቻቸው። የእትዬ ማናለብሽ ጣቶች ምስሩ ውስጥ ቆሙ።

"ከእንግዳው ቀጥሎ ማን አልሽ?"

"አድማሴ ነዋ፣ አባቱ።"

"እኔው ነኝ ያልኩት" አሉ ለራሳቸው ያህል። "ያቺ ሀይማኖት ማክሰኞ መጥታ የአያት ቅድመ አያት ስም ይቁጠሩልኝ ብላኝ፣ እኔው በአፌ።"

"ሀይማኖት? እዚህ መጥታ?"

እትዬ ማናለብሽ ግን "ስድስት ነው ያሉት? አንድ ብቻ ነው የጎደለው?" ብለው ደግመው ጠየቁ። ከዚያ ሰፌዱን ምስሩ እንዳለበት ትተው ተነሡ፤ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ በር በእህተማርያም ላይ ተዘግቶ አያውቅም። እርስዎም እትዬ? እርስዎም ከነሱ ጋር ነዎት? አለች በልቧ።

አርብ ረፋድ ላይ ስልኩ ተገኘላት።

"እሁድ ዘንገና ነይ" አላት ይኸነው። "ሀይማኖት ታመጣሻለች።"

"ለምን? የምትለኝን አሁን በለኛ!"

"በስልክ አይሆንልኝም።"

"ይኸነው፣ የሚቆራረጠው ኔትወርኩ ነው ወይስ ልብህ?"

አንድ ነገር ሊል ነበር፤ መስመሩ ተቋረጠ። መልሳ አልደወለችም፤ እሱም አልደወለም።

እሁድ ጠዋት ሠላሳ አንዱን ደብዳቤ በጥቁር ፌስታል ቋጥራ የሥራ ሹራቧን ለብሳ ወጣች። ሀይማኖት ስታያት ክው አለች።

"በዚህ ነው የምትሄጂው? ያንን ነጩን ቀሚስሽን ልበሺ እንጂ፣ በማርያም!"

"ለቅሶ ቤት በነጭ ቀሚስ አልሄድም።"

የሀይማኖት ዓይን እንባ ሞላ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጥፋተኛ ካልሆነች ለምን ታለቅሳለች?

በዛብህ መንገዱን ሙሉ አንድ ቀልድ አልወጣውም። እንጅባራ ላይ ሁለት ጎልማሶች ተሳፈሩና ከሱ ጋር በአገውኛ ማውራት ጀመሩ። ከማይገባት ንግግር መካከል የራሷ ስም ሁለቴ ብቅ አለ፤ ሲያዩዋት ዝም አሉ። ከወንበሩ ሥር የተጠቀለለ ረጅም ነጭ ጨርቅ ተንከባሎ ሲወጣ ሀይማኖት በእግሯ መልሳ ገፋችው። እህተማርያም ሁሉንም አየች። ፌስታሏን ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

ዘንገና ሐይቁ ከታች ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። ከአፋፉ በላይ ባለው መስክ ላይ አሥራ ሁለት ፈረሶች ግላስ ለብሰው፣ ግንባራቸው በቀይና በቢጫ ተሸልሞ ቆመዋል። ፈረሰኞቹ ግን ወርደው፣ ልጓማቸውን እንደያዙ፣ አስተናጋጅ እንዳጣ እንግዳ ይተያያሉ። አንዱ ዛፍ ላይ ቀይ ፊኛዎች ታስረዋል፤ ግማሾቹ ተንፍሰዋል። እኒያ ወረቀት ያስገለበጡት ሽማግሌ አያ ወገኔም አሉ። ሲያዩዋት ከዘራቸው ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

"ወይ ጉዴ! አንቺው ነሽ ለካ?"

ይኸነው ከመካከላቸው ወጣ። ነጭ በነጭ ለብሷል፤ ፊቱ ግን የሦስት ቀን ለቅሶ ላይ የከረመ ሰው ፊት ነው። እህተማርያም ሰላም አላለችውም። ፌስታሉን ዘረጋችለት።

"ደብዳቤዎችህ ናቸው። ቆጥረህ ተረከብ። ሌላውንም ቆጠራ አይቼዋለሁ፤ ስድስት ላይ ቆሟል። ይኸው፣ ሳትነግረኝ ጨረስኩልህ!"

አልተቀበላትም።

"ሳልነግርሽ ያለቀው እሱ ብቻ አይደለም" አለ። "ዛሬ ልጠይቅሽ ነበር፣ እህተማርያም። በሰው ፊት፣ በፈረስ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጓደኞቼ የሠሩት ለዚህ ነው። እነዚህ ፈረሶች በሁለት ረድፍ ጋልበው መጥተው መሃላቸው እኔ ተንበርክኬ ልቀር ነበር። ያ ጨርቅ ላይ ምን እንደተጻፈ ብታይ! ባሕር ዳር ድረስ ልከን ነው ያሳተምነው፤ ዳንግላ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽና። ሀይማኖት ቀለበትሽን የወሰደችው ለልክ ነው። ደብዳቤዬ ያጠረው ብዕሬ ሚስጥሩን ያወጣዋል ብዬ ፈርቼ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ከቀለበቱ በፊት ቆጠራ አሉ። ረቡዕ ውጤቱን ነገሩኝ።"

"ታዲያ ለምን ጠራኸኝ? ለምን አልሰረዝከውም?"

"ልሰርዘው ነበር። አልቻልኩም። ላገባሽ እንደፈለግሁ ሳታውቂ እንድንለያይ አልፈለግሁም። ብንለያይም ይሄን አውቀሽ ይሁን አልኩ።"

ሀይማኖት ከኋላዋ እየተነፋረቀች የብር ቀለበቷን መዳፏ ላይ አኖረችላት። "ጠርጥረሽኝ ነበር አይደል?" አለች። እህተማርያም ሦስት ሳምንት የቆለለችው ጥርጣሬ በአንዴ ተናደባት፤ የሚያሳዝነው ግን ከሥሩ ያገኘችው ደስታም የማይነካ ሆነ። አቅፋው ልታለቅስ ፈለገች፤ ዘመድ ናችሁ የተባሉ ሰዎች በሽማግሌ ፊት እንዴት ይተቃቀፋሉ? በመካከላቸው ያለችው አንድ እርምጃ ሐይቁን ታክል ነበር።

የመኪና ድምፅ የሰሙት ያን ጊዜ ነው። የአባቷ ነጭ ፒክአፕ እያጓራ ወጥቶ ቆመ። እህተማርያም አባቷ ሊያዋርዱት መጡ ብላ ከይኸነው ፊት ቆመች። አቶ እንግዳው ግን ወደ እነሱ አልመጡም። ዞረው ሌላውን በር ከፈቱና እትዬ ማናለብሽን በሁለት እጃቸው ደግፈው አወረዱ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ቆጠራውን የያዘው ማን ነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ፣ ወገኔ እባላለሁ።"

"አያ ወገኔ፣ ቆጠራችሁ ስህተት አለው።"

"የቱ ላይ?"

"እኔ ላይ።" አሉ አቶ እንግዳው። በገበያ ድምፃቸው ከሦስት ሱቅ ማዶ የሚሰማ ሰውዬ አሁን ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠሉ። "አድማሴ አባቴ አይደለም። አያቴ ነው። ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ በስሙ ተጠራሁ። ትምህርት ቤትም፣ ንግድ ፈቃድም፣ ሁሉም ላይ አድማሴ ነው የተጻፈው። በመካከል አንድ ሰው ዘለናል። እህቴ ናት እያልኩ የኖርኩት..." የአሮጊቷን እጅ ያዙ። "እናቴ ናት። በአስራ አምስት ዓመቷ፣ ባል ሳይኖራት ወለደችኝ። ነውር ነው ብለው ልጄ የሚለውን ቃል ከአፏ ነጠቋት። እኔም ካወቅሁ በኋላ ለስሜ ስል ዝም አልኩ። ሐሙስ ማታ ተናገር አለችኝ፤ ዝም አልኳት። አርብም ዝም አልኳት። ዛሬ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ፣ ብቻዋን እዚህ ልትመጣ፣ ወደ መናኸሪያ ስታዘግም አየኋት።"

ፈረሶቹ ልጓማቸውን ያኝካሉ።

"በእንግዳው አባትስ በኩል?" አሉ አያ ወገኔ፣ ቀስ ብለው።

እትዬ ማናለብሽ ቀና አሉ። "መንገድ ሊሠራ የመጣ የሩቅ አገር ሰው ነበር። መንገዱ ሲያልቅ ሄደ። ከጓንጉል ዘር ጋር የሚያገናኘው የለም።"

አያ ወገኔ ጎንበስ ብለው በከዘራቸው መሬቱ ላይ መጫር ጀመሩ። "እንግዳው፣ አንድ። ማናለብሽ፣ ሁለት።" ሁለቱን ጠበቅ አድርገው ጫሩ። "አድማሴ ሦስት፣ አበረ አራት፣ ዋሴ አምስት፣ ውቤ ስድስት..." ቀና ብለው ይኸነውን አዩት፣ ከዚያ እህተማርያምን። "ጓንጉል ሰባት። ሞላ! እሰይ፣ ሞላ እኮ ልጆቼ!"

በዛብህ እልልታ ይሁን ጩኸት ያልለየለት ነገር አወጣ። ይኸነው ሣሩ ላይ ተንበርክኮ ከኪሱ ቀለበቱን ሲያወጣ ሁለቴ ጣለው። እህተማርያም ግን "ቆየኝ፣ ይኸነው" አለችው። ሮጣ ሄዳ እትዬ ማናለብሽ ጉልበት ላይ ተደፋች። ያሳደጓት፣ ያዘሏት፣ በየቀኑ "እትዬ" እያለች የምትጠራቸው ሴት አያቷ ናቸው። የተዘጋው በር ምን እንደነበር አሁን ገባት። እሳቸውንም ጠርጥራቸው እንደነበር ስታስብ እንባዋ መቆሚያ አጣ።

"አያቴ" አለች።

አያ ወገኔ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ አቶ እንግዳው ሁለት እርምጃ ሄዱ። ከዚያ ቆም አሉ። አሰቡ። ዞረው ከእትዬ ማናለብሽ ፊት ቆሙ። አሥራ ሁለቱ ፈረሰኞች ሳይነገራቸው ከኋላቸው ተሰለፉ፤ ጎልማሶቹም፣ በዛብህም፣ ሀይማኖትም። ሽማግሌ ሆነው የመጡ ሰዎች መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም፤ የአገሩ ወግ ነው።

"እመት ማናለብሽ" አሉ አያ ወገኔ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው። "ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለን ደጅዎ ቆመናል።"

እትዬ ማናለብሽ ወደ ኋላቸው ዞር ብለው አዩ፤ የሚናገሩት ለሌላ ሰው መስሏቸዋል። በሕይወታቸው ማንም ሽማግሌ ልኮባቸው አያውቅም። ስለሳቸው ማንም ደጅ አልቆመም። የወለዱትን ልጅ እንኳ ልጄ ብለው አልዳሩትም፤ ሰርጉ ላይ ከእህቶች ተርታ ነበር የተቀመጡት።

"እማዬ" አሉ አቶ እንግዳው። ያቺን ቃል በሰው ፊት ሲያወጧት ዛሬ የመጀመሪያቸው ነበር። "አንቺን ነው የጠየቁሽ። አንቺ መልሺላቸው።"

አሮጊቷ ጉልበታቸው ላይ ወደተደፋችው ልጅ ጎንበስ አሉ። "ትፈልጊዋለሽ፣ ልጄ?"

"እፈልገዋለሁ፣ አያቴ።"

እትዬ ማናለብሽ ቀና አሉ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ፣ የተንበረከከውን ይኸነውን ጭምር፣ ረጋ ብለው አዩዋቸው።

"ቁጭ በሉ" አሉ። "እንዲያው ስንት ጊዜ ቆማችሁ። ቁጭ በሉ፣ ልጆቼ።"